ሁለቱም ሳይጨርሱ አንዱ አይወጣም

ጥቅምት 9

ማሙሽ፣

ሰላምታው ኋላ ይደርሳል፤ መጀመሪያ ይሄን ስማ። ባለፈው ስልኩ ጆሮህ ላይ የተዘጋው ኔትወርክ ጠፍቶ አይደለም፣ እኔ ነኝ የዘጋሁት። ስልክ ላይ የኔን ቁጣ ታውቀዋለህ፣ ያንተን ዝምታ ደግሞ እኔ አውቀዋለሁ፤ ሁለቱ አይገጥሙም። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ በደብዳቤ ነው የምናወራው። የአውቶቡሱ ሾፌር እሺ ብሎኛል፤ የትምህርት መምሪያችሁ በር ላይ ለዘበኛው ይተውልሃል። ደብዳቤ ላይ ቢያንስ አታቋርጠኝም።

«እንዴት ሆኖ ነው ውጤታችሁ እንዲህ የወረደው?» ነው ያልከኝ። እንደምን አደርሽ እንኳን ሳትል! እሺ፣ ልንገርህ።

ባለፈው ዓመት ወንዙ ሞልቶ ቤትና ማሳቸውን የወሰደባቸው ሰዎች ከሸክላ ፋብሪካው ጀርባ ሰፍረዋል። የሰፈሩ ሰው «ማዶዎቹ» ይላቸዋል፣ ከወንዝ ማዶ ስለመጡ። ልጆቻቸው እኛ ጋ ገቡ። የት ይግቡ? የመንግሥት ትምህርት ቤት ነን፤ ርዕሰ መምህርት ሆንኩ ማለት በሩ የግሌ ነው ማለት አይደለም። ዛሬ ስድስተኛ ክፍል ብትገባ ግማሽ ያህሉ የማዶ ልጅ ነው። ቤታቸው የሚናገሩት ሌላ ቋንቋ ነው፤ በኛ ቋንቋ መማር ከጀመሩ ገና ዓመት ቢሆናቸው ነው። ታዲያ አማካዩ ቢወርድ ምን ይገርማል? በሳይንስ ፈተና ላይ «ጎርፍ ምንድን ነው?» የሚል ጥያቄ ነበር። አንዷ ልጅ ባዶውን ትታው መጣች። ቃሉን አታውቀውም እንጂ ጎርፉንማ ካንተም ከኔም በላይ ታውቀዋለች፤ ቤቷን ይዞባት ሄዷል። ዜሮ ሰጠናት። ምን ይደረግ!

ይህችን ልጅ ጓደኞቿ «ዝምታ» ይሏታል። አብራት የምትቀመጠው የልብስ ሰፊው ልጅ ናት። ልብስ ሰፊው ማን መሰለህ? መርፌ! ያ ያንተው መርፌ፣ በልጅነትህ አንድ ወንበር ላይ አብሮህ የተቀመጠው ቀጫጫ። አሁን ቦርጭ አውጥቶ የወላጅ ኮሚቴ ሊቀመንበር ሆኗል። በየሳምንቱ ቢሮዬ ይመጣና «ልጄ በሰው ልጅ ምክንያት ከጨዋታ ትቀራለች» ይለኛል። የጥንቱ መምህራችን ያወጣልን የወንበር ደንብ እኮ ዛሬም አለ፤ አንድ ነባርና አንድ አዲስ ልጅ አንድ ላይ ይቀመጣሉ፣ ንባብ ላይ ደወል ቢደወልም ሁለቱም ሳይጨርሱ አንዱ አይወጣም። መርፌ ይሄ ይነሳልኝ ነው የሚለው። ማዶዎቹ ለብቻ ይሁኑ ነው የሚለው።

አይሆንም ብዬዋለሁ። አንተም ልትለኝ ያሰብከውን አውቃለሁና ላንተም አይሆንም።

እማዬን ሳምልኝ። የጉልበቷ ነገር እንዴት ሆነ? አንተም ብላ፤ ድምፅህ ከስቷል።

እህትህ

—

ጥቅምት 27

ውድ እህቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን። እማዬ ጉልበቷ ተሽሏታል፣ ምላሷ ግን መቼም አልታመመም። ደብዳቤሽን ሳነብላት «ልክ ናት» አለች፤ ገና ምን እንዳልሽ ሳልጨርስ።

ያን ቀን በስልክ የጠየቅሽኝን ልመልስ። አዎ፣ መምሪያው ትምህርት ቤቶችን በደረጃ ያስቀምጣል፤ ሰንጠረዡን የማዘጋጀውም እኔ ነኝ። ያንቺ ትምህርት ቤት ከመጨረሻው ሁለተኛ ነው። ከዚህ ጋር ተያይዞ ልታውቂው የሚገባ ነገር አለ፤ በዓመቱ መጨረሻ የመጨረሻዎቹ አምስት ትምህርት ቤቶች ርዕሳነ መምህራን ይነሳሉ። ይሄን ከኔ አልሰማሽም። ለጡረታ ሦስት ዓመት ነው የቀረሽ፣ እታለም። ሦስት ዓመት ዝም ብሎ ማለፍ እንዴት ያቅታል? በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም።

ደግሞ አትስጊ። ለፍትሃዊ ንጽጽር ሲባል አንድ ነገር እያዘጋጀሁ ነው። አሁን ምን እንደሆነ አትጠይቂኝ፤ ሲደርስ ደስ ይልሻል። ብቻ እስከዚያ ሱፐርቫይዘሩ ሲመጣ አትቆጪ። ሻይ አቅርቢለት።

መርፌ ቦርጭ አወጣ? አላምንም።

ወንድምሽ

—

ኅዳር 19

ማሙሽ፣

ሻይ አቀረብኩለት። ጠጣና ከቦርሳው የመምሪያውን ሰርኩላር አውጥቶ ሰጠኝ።

«ከዚህ ጋር ተያይዞ» ይላል። «ለፍትሃዊ ንጽጽር ሲባል» ይላል። ገና ሁለተኛው መስመር ላይ ስደርስ ደም ስሬ ተገተረ። በዚህ አገር ደብዳቤ ጻፊ ሁሉ እንዲህ እንደሚል አውቃለሁ፤ ሁለቱን ባንድ ዓረፍተ ነገር አስሮ፣ መሃሉ ላይ ነጠላ ሰረዝ የሚጥል ግን አንድ ሰው ነው። እኔ ነኝ ፊደል ያስቆጠርኩህ! የእጅህን ጣዕም አጣዋለሁ?

ያልገባህ እንደሆነ የጻፍከው ነገር እዚህ ሲደርስ ምን እንደሆነ ልንገርህ። ከሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ጀምሮ የማዶ ልጆች ጠዋት አይመጡም፤ ከሰዓት ፈረቃ ይማራሉ። ውጤታቸውም ለብቻ ይቆጠራል። የስድስተኛ ክፍሉን ፈተናም በሌላ ክፍል ይፈተናሉ። የሚያስተምሯቸው ሁለት ረዳት መምህራን ናቸው፤ የሳይንስ መምህር የላቸውም፣ የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛም በምሳ ሰዓት ቆልፎ ይሄዳል። ታዲያ ምን ሊማሩ ነው? ወንበር ማሞቅ?

መርፌ ሰርኩላሩን ሲሰማ ኮሚቴውን ሰብስቦ አጨበጨበ። እኔ ክፍል ገብቼ ለልጆቹ ልነግራቸው ቆምኩ። ጠመኔ ይዤ ቆምኩ፣ ጠመኔውን አስቀመጥኩ፣ መልሼ አነሳሁት። አልቻልኩም፤ ወሬው ግን ቀድሞኝ ደርሷቸዋል። ዝምታ እጇን አወጣች። ዓመት ሙሉ እጇን አውጥታ የማታውቅ ልጅ! «እኛ ጥፋት አጠፋን?» አለችኝ፣ በኛ ቋንቋ፣ አንድም ቃል ሳትስት። አማካዩ ውስጥ ይህቺን የት ነው የምትጽፍልኝ?

«ሲደርስ ደስ ይልሻል» ብለኸኝ ነበር። ደረሰ።

እህትህ

—

ታኅሣሥ 8

እታለም፣

ዘበኛው ደብዳቤሽን ሲሰጠኝ «ይቺ እህትህ ፖስታው ላይ ስምህን እንኳን ተቆጥታ ነው የምትጽፈው» አለኝ። አነበብኩት። ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

አዎ፣ የኔ ነው። ግን እኔ የጻፍኩት አንድ መስመር ነበር። ሰንጠረዡ ላይ የማዶ ልጆች ውጤት በአንድ መስመር፣ የነባሮቹ በሌላ መስመር ይታይ፤ በነባሮቹ ብቻ ከተለካ ያንቺ ትምህርት ቤት ከመጨረሻዎቹ አምስት ይወጣል፣ አንቺም ከቦታሽ አትነሺም። ይኸው ነው ያሰብኩት። ወረቀት ላይ ያለ መስመር ማንን ይጎዳል? የመምሪያው ኃላፊ ግን አየና «ግሩም ሐሳብ ነው፤ መስመራቸው ከተለየ ክፍላቸውስ ለምን አይለይም?» አለ። ሁሉም አጨበጨበ። እኔ አላጨበጨብኩም፤ ግን ዝም አልኩ። ሰርኩላሩን ጻፍ ሲለኝም ጻፍኩ።

አሁን የሆነው ሆኗል። ሱፐርቫይዘሩን «ሰርኩላሩን ለሻይ ማቅረቢያ ይሁነኝ ብዬ ነው የተቀበልኩህ» አልሽው የሚባለው እውነት ነው? መምሪያው ሁሉ ሲስቅበት ነው የዋለው፣ ኃላፊው ግን አልሳቀም። እባክሽን ትእዛዙን ፈጽሚ። ለኔ ስትይ ካልሆነ ለእማዬ ስትይ። በዚህ ዕድሜዋ ልጄ ከሥራ ተባረረች ብላ መስማት የለባትም።

ወንድምሽ

—

የካቲት 21

ማሙሽ፣

ጥርን ሙሉ ያልጻፍኩልህ ታምሜ አይደለም፤ ተቀይሜህ ነው። «ታመምሽ ወይ» እያልክ ሾፌሩን አታስቸግረው፤ ሰውየው መሪ ይዞ ነው የሚመጣው፣ ያንተን ጭንቀት የሚጭንበት ቦታ የለውም።

እማዬን ደግሞ አትጥራብኝ። የእናቴ መቀነት አደናቀፈኝ የሚሉት ይሄን ነው! እሷ እኮ ራሷ ጻፈችልኝ፤ የጎረቤት ልጅ አስጽፋ። «እዚያው እንዳለሽ ቁሚ፣ ወንድምሽን ለኔ ተይው» ይላል። ምን እያደረገችህ እንደሆነ አላውቅም፤ እጇን ግን አውቀዋለሁና አዝንልሃለሁ።

አሁን የምሥራች ልንገርህ፤ ሰርኩላሩን ፈጸምኩ። ቃል በቃል! የማዶ ልጆችን በሙሉ ከሰዓት አዛወርኩ። አለቀስኩ? አለቀስኩ። ግን ፈጸምኩ፤ ፈጽሜም ማስታወቂያውን በሩ ላይ በአራት ሚስማር መታሁት፣ ማንም ሰው አላየሁም እንዳይል።

በመጀመሪያው ቀን ጠዋት ስድስተኛ ክፍል ንባብ ነበር። የነባሮቹ ልጆች እያንዳንዳቸው አጠገባቸው ባዶ ቦታ ይዘው ተቀመጡ። ደወል ተደወለ። ማንም አልተነሳም። የክፍሉ መምህርት «ውጡ እንጂ!» ብትላቸው መጽሐፋቸው ላይ አቀረቀሩ። መጣሁና የመርፌን ልጅ «አልጨረስሽም እንዴ?» አልኳት።

«እኔ ጨርሻለሁ» አለች። «እሷ ግን አልጨረሰችም።»

«እሷማ የለችም። የምትመጣው ከሰዓት ነው።»

«ታዲያ ከሰዓት እስክትመጣ እጠብቃታለኋ! ሁለቱም ሳይጨርሱ አንዱ አይወጣም አይደል እንዴ ያላችሁን?»

የራሴን ደንብ ተሳስተሻል ልበላት? የቀሩትም እሷን እያዩ ተቀመጡ። ምሳ ዕቃቸውን አውጥተው እዚያው በሉ። ማዶዎቹ ሲመጡ እያንዳንዱ ወንበር ላይ አንድ አንድ ልጅ ጠበቃቸው። ዝምታ በሩ ላይ ቆማ ቀረች፤ የመርፌ ልጅ «ነይ፣ ገጽ አርባ ላይ ነን፤ ርቦኛል፣ ቶሎ ጨርሺ» አለቻት። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ግን አንድ ቀን ነው የቆየው። በማግስቱ መርፌ መጥቶ ልጁን ከወንበሯ ላይ እጇን ይዞ ወሰዳት። ሜትሩ አንገቱ ላይ እንደተንጠለጠለ፣ እየጮኸ። «ልጄን መያዣ አደረግሽብኝ!» አለኝ። ለመምሪያው እከሳለሁ አለ። እሱ ሲወስድ ያዩ ወላጆችም የየራሳቸውን ልጅ መውሰድ ጀመሩ። ዛሬ ዝምታ ብቻዋን ነው የተቀመጠችው። ፈተናው ሰኔ ነው፤ እንዲህ ከቀጠለ እነዚህ ልጆች የሳይንስ መምህር ሳያዩ ነው የሚፈተኑት።

ምንም እንድታደርግ አልጠይቅህም። ልትረዳኝ ካሰብክበት ጊዜ ጀምሮ የሆነውን አይቻለሁ። አንድ ነገር ብቻ አስታውስ፤ አባታችን ለመንገድ ሥራ ይዞን ሲመጣ አንተም ቃል አታውቅም ነበር።

እህትህ

—

መጋቢት 6

እታለም፣

እማዬ ምን እያደረገችኝ እንደሆነ ጠይቀሻል። ምንም አታደርግም። ማታ ራት አቅርባ ፊት ለፊቴ ትቀመጥና ታየኛለች። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

አስታወስኩ። አንድ መንፈቅ ዓመት ሙሉ አፌን አልከፈትኩም። ልጆቹ «ድዳው» ይሉኝ ነበር፤ አንቺ ከትልልቆቹ ጋር ነበርሽና ብዙውን አላየሽም። መርፌ ኳስ ነፍሱ ነበር። ደወል ሲደወል እግሩ ወንበሩ ሥር ይንቀጠቀጥ ነበር፣ እኔ ግን ገና ሁለተኛው መስመር ላይ ነኝ። መስኮቱ አጠገብ ስለነበርን ውጪ የሚጫወቱትን ያያል። አንድም ቀን «ቶሎ በል» አላለኝም። ጣቱን ፊደሉ ላይ እያስቀደመልኝ ይጠብቅ ነበር።

ጻፍኩለት። ለመርፌ። ምን እንዳልኩት አትጠይቂኝ፣ እሱንም አትጠይቂው። ሾፌሩ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ይዞታል፤ ሱቁ ድረስ እንዲያደርስልኝ ለምኜዋለሁ።

ሌላም አለ። ከየትምህርት ቤቱ ሰርኩላሩ መፈጸሙን የሚገልጽ ሪፖርት ተጠናቅሮ እኔ እንድፈርምበት ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጧል። ኃላፊው በየቀኑ «አለቀ?» ይለኛል። በየቀኑ «እያየሁት ነው» እላለሁ። ሰውየው ሞኝ አይደለም፤ እኔም ይሄን ያህል ቀስ ብዬ አንብቤ አላውቅም።

ያልነገርሽኝ ነገር ያለ ይመስለኛል። ደብዳቤሽ ውስጥ ስለራስሽ አንድ ቃል የለም።

ወንድምሽ

—

ሚያዝያ 14

ማሙሽ፣

ና ልሳምህ! ቆይ ግን፣ ይቅር አላልኩህም፤ ልሳምህ ብቻ ነው ያልኩት።

መርፌ መጣ። ያንተ ደብዳቤ በደረሰው በሦስተኛው ቀን፣ ሱቁን ዘግቶ። ቢሮዬ ገብቶ አልተቀመጠም፤ ግድግዳው ላይ ያለውን ካርታ ሲያይ ቆየ። ከዚያ «ያ ወንድምሽ በደብዳቤ ሰደበኝ» አለኝ።

«ምን ብሎ?»

«አመሰገነኝ» አለ። ዓይኑ ቀልቶ ነበር። ቀጥሎ «የከሰዓቱ ፈረቃ ስንት ሰዓት ነው የሚገባው?» ሲል ጠየቀኝ። ነገርኩት። በማግስቱ ልጁን ራሱ ይዞ መጣ፣ ዝምታ አጠገብ አስቀምጧት ሄደ። ኮሚቴውንም እንደገና ሰበሰበ። እዚያ ምን እንዳለ አልነበርኩበትም፤ ሲወጡ ግን አንዲት እናት «ይሄ ሰው ወይ ያኔ አብዶ ነበር ወይ አሁን አብዷል» ስትል ሰማኋት። ሁለት ቤተሰብ ልጆቹን አስወጥቶ ሌላ ትምህርት ቤት አስገባ። መንገዱን ጨርቅ ያድርግላቸው። የቀሩት ልጆች በሙሉ ወደ ከሰዓት መጡ። መምህራኑም ተማሪ ወዳለበት ሄዱ፤ የሳይንሱ መምህር «ለባዶ ወንበር ነው እንዴ የማስተምረው?» ብሎ ጓዙን ጠቅልሎ መጣ።

ታዲያ ሱፐርቫይዘሩ በጠዋት መጣልሃ! ስድስተኛ ክፍልን ከፈተ፤ ወንበር ብቻ። አምስተኛን ከፈተ፤ አንዲት ድመት። ዘበኛችንን «ተማሪ የለም እንዴ?» ቢለው «አለ፤ ከሰዓት ና» አለው። እኔ ጋ ሲደርስ ላቡ ይወርድ ነበር።

«ነባሮቹ የታሉ?»

«ከሰዓት።»

«ማን አዛወራቸው?»

«ማንም። ሰርኩላሩ የማዶ ልጆች ጠዋት አይምጡ ይላል፤ አልመጡም። ነባሮቹ ከሰዓት አይምጡ የሚል ካለ ያሳዩኝ።»

ወረቀቱን አውጥቶ አገላበጠው። የለም! አንተ ነህ የጻፍከው፣ ታውቃለህ፤ ያንን ማንም አላሰበውም። ነባር ልጅ ወድዶ ወደነሱ ይሄዳል ብሎ ማን ይጠረጥራል? ሻይ ባቀርብለት አልጠጣም።

ስለራሴ ለጠየቅከኝ፣ ማስጠንቀቂያ ተጽፎልኛል። ሁለተኛው ነው፤ የመጀመሪያው የመጣው ጥር ላይ ነበር፣ አልነገርኩህም። አሁንም የምነግርህ እማዬ ፊት ጮክ ብለህ እንዳታነበው ነው።

እህትህ

—

ሐምሌ 22

እታለም፣

ውጤቱን ከማንም በፊት አንቺ እንድታውቂው ብዬ በሩጫ ነው የምጽፈው፤ ሾፌሩ ሞተር አስነስቷል።

አማካዩ ካምናው ከፍ ብሏል። ግን በቂ አይደለም። ከመጨረሻው አራተኛ ናችሁ። ነባሮቹ ብቻ በአንድ መስመር ቢቆጠሩ ኖሮ ትተርፊ ነበር፤ አስልቼዋለሁ። ማስላቱን መቼም መተው አልችልም።

ግን በአንድ መስመር ነው ያቀረብኩት። ሁሉም ልጆች፣ አንድ ትምህርት ቤት፣ አንድ መስመር። ስብሰባ ላይ ኃላፊው «ሁለተኛው መስመር የታለ?» አለኝ። ተነሳሁ። «በአንድ ክፍል ተቀምጠው ነው የተማሩት፣ ለፈተናም ነባሮቹ ማዶዎቹ ክፍል ገብተው አብረው ነው የተፈተኑት፤ የት ላይ እንደምለያቸው እርስዎ ያሳዩኝ» አልኩት። ያንን የመፈጸም ሪፖርትም ሳልፈርም መለስኩለት። ማንም አላጨበጨበም። እኔም ዝም አላልኩም።

ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ተዛውሬያለሁ። መጥረጊያና ዳስተር ነው የምቆጥረው። ቢያንስ መጥረጊያን ነባርና አዲስ ብለህ ለየው የሚለኝ የለም።

አንቺ ትነሺያለሽ። ደብዳቤው በዚህ ሳምንት ይደርስሻል። ያሰብኩት ሁሉ አንቺን ለማዳን ነበር፤ መጨረሻ ላይ በገዛ እጄ አነሳሁሽ። ትቆጪኝ እንደሆነ ተቆጪኝ፤ ግን አይቆጨኝም።

ዝምታ አልፋለች፣ ለጥቂት። የመርፌ ልጅም አልፋለች። ጎርፍ ምንድን ነው የሚለው ጥያቄ ዘንድሮም ተጠይቆ ነበር፤ የዝምታን ወረቀት አስወጥቼ አየሁት። ገጹን ሞልታ፣ ጀርባውን ሁሉ ጽፋበታለች። አራሚው ጫፉ ላይ «ቦታ አልበቃትም» ብሎ ሙሉ ነጥብ ሰጥቷታል።

ወንድምሽ

—

መስከረም 16

ወንድሜ፣

አየህ፣ ማሙሽ አላልኩህም። ስብሰባ ላይ ተነስቶ የተናገረ ሰው ማሙሽ አይባልም። እማዬ እኮ በስልክ ነግራኛለች፤ ጎረቤቱን ሁሉ ጠርታ «ልጄ ግምጃ ቤት ገባ!» ብላ ሹመት ያገኘህ አስመስላ ስታወራ ነው አሉ።

እኔ ተነስቻለሁ። አንደኛ ክፍል ነው የተመደብኩት። «ትቆጪኝ እንደሆነ» ብለህ ትፈራለህ፤ ኧረ ወዲያ! ያንተ አንድ መስመር ላይ ካሉት ልጆች ውስጥ አንዱን አውጥተህ እኔን ቦታዬ ላይ ብታቆየኝ ኖሮ ነበር ደብዳቤ የማልጽፍልህ። ወንበሩን ይውሰዱት። ትልቁ ወንበር ድሮም ጀርባዬን ያመኝ ነበር።

አዲሱ ርዕሰ መምህር ወጣት ነው። ምዝገባ ሲከፍት የጠዋቱን ፈረቃ ለነባሮች፣ የከሰዓቱን ለማዶዎች ብሎ ሁለት ጠረጴዛ አስቀመጠ። መርፌ ሜትሩን አንገቱ ላይ አድርጎ ቀድሞ ተሰለፈ፤ ትንሹን ልጁን ለአንደኛ ክፍል ሊያስመዘግብ ነው። የከሰዓቱ ጠረጴዛ ላይ። ከኋላው ያለውም እዚያው። ከዚያ ኋላ ያለውም። ወጣቱ ከጠዋቱ ጠረጴዛ ኋላ ብቻውን ሲቀመጥ ውሎ፣ ሰልፉ ሲያልቅ ወደኔ መጣ። «እትዬ፣ ጠዋቱን ምን ላድርገው?» አለኝ። «ጥራቸው። ሁሉንም ግን፤ ካልሆነ አንዱም አይመጣልህም» አልኩት። ሲያስብ አደረ። በማግስቱ አንዱን ጠረጴዛ አነሳው። ሰርኩላሩ አልተሻረም፤ ማስታወቂያው አሁንም በአራቱም ሚስማር በሩ ላይ አለ፤ ልጆቹ ሁሉ በጠዋት በሥሩ ያልፋሉ።

ክፍሌ ውስጥ አንድ የማዶ ልጅ አለ። እስካሁን አንድ ቃል አልተነፈሰም። ከመርፌ ትንሽ ልጅ ጋር አስቀምጬዋለሁ። ትናንት ደወል ሲደወል የመርፌ ልጅ እግሩ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ ግን አልተነሳም።

ወደዚህ መምጣት እፈራለሁ፣ መርፌን በምን ዓይኔ አየዋለሁ ብለህ በእማዬ በኩል ላስነገርከኝ፣ መልሱን ራሱን ጠየቅኩልህ። አዲስ ዩኒፎርም እየሰፋ ነበር፤ ቀና እንኳን አላለም።

«እኔ ጨርሻለሁ በይው» አለኝ። «እሱ እስኪመጣ ነው የተቀመጥኩት።»

እህትህ